ማን አሰረው? ማንስ ይፈታዋል?

እ.ኤ.አ. በ1969 ለንደን ውስጥ አንድ ሠዓሊ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ አንዲት ቀራጺ ጥቁር ቆዳ ይዘው ሥራ ላይ ነበሩ። እንግሊዛዊው አለን ጆንስ ሴትን ወንበር፣ ጠረጴዛና ኮት መስቀያ አድርጎ አቀረበ። አሜሪካዊቷ ናንሲ ግሮስማን ከእንጨት የጠረበችውን የሰው ራስ በቆዳ ጠቅልላ፣ በዚፕ ዘግታ፣ በዘለበት አጠበቀችው። ከሩቅ ላየ ሰው ሁለቱም ያው ናቸው፤ ቆዳ፣ ማሰሪያ፣ የታሰረ አካል። ስለ ፌቲሽ ጥበብ በእኛ ዘንድ ሲነሳም ወሬው እዚሁ ላይ ይቆማል፤ አንዱ "ነውር ነው" ብሎ ይዘጋዋል፣ ሌላው "ነፃነት ነው" ብሎ ያጨበጭባል፣ ሥራውን ቀርቦ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። እኔ ቀርቦ ማየት ይገባል ባይ ነኝ። ቀርቦ ያየ ሰው ጆንስና ግሮስማን ስለ ሥልጣንም ሆነ ስለ ጾታ የሚናገሩት ጨርሶ እንደማይገናኝ ይደርስበታል።

ለነገሩ አዲስ ለሆነ አንባቢ ያህል፦ ፌቲሽ ጥበብ የሚባለው ቁስ፣ ልብስ ወይም የሰውነት ክፍል በራሱ የፍትወት ኃይል ተሸክሞ የሚቀርብበት፣ በአዋቂዎች ለአዋቂዎች የሚሠራ ጥበብ ነው። ቆዳ፣ ጎማ፣ ቦት ጫማ፣ ገመድ፣ የደንብ ልብስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የበላይና የበታች ጨዋታ ብዙ ጊዜ አብሮት ስላለ ተመልካች መጀመሪያ የሚጠይቀው "የታሰረው ማን ነው?" ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብቻውን ግን የትም አያደርስም። ማን አሰረው? መፍታት የሚችለው ማን ነው? ስሙ የት ተጻፈ? ሥልጣን የሚገኘው እነዚህ ውስጥ ነው።

ከጆንስ ልጀምር። ሦስቱ ሐውልቶች ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣሉ። አካላቸው ፋይበርግላስ ሆኖ ቀለም ተቀብቷል፤ ዊግ፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና ጠባብ የቆዳ ልብስ አላቸው። ከእያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ቅጂ ወጥቷል። ጠረጴዛዋ በእጅና በጉልበቷ ተንበርክካ የመስታወት ገበታ በጀርባዋ ተሸክማለች። ወንበሯ በጀርባዋ ተንጋላ ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ ሰብስባለች፤ መቀመጫው ትራስ ጭኖቿ ላይ ነው፣ ባቶቿ መደገፊያ ሆነዋል። ኮት መስቀያዋ ቆማ እጆቿን ዘርግታለች። ጆንስ በገዛ እጁ አልቀረጻቸውም። ንድፉን ሠርቶ የልብስ መደብር አሻንጉሊት ለሚሠሩ ባለሙያዎች ሰጠ፤ የሠዓሊ እጅ እንዲታይባቸው አልፈለገም።

አሁን ጭኗን ተመልከቱ። ሸክም የተሸከመ ሥጋ ይጨነቃል። ጡንቻው ይወጠራል፣ ትራስ የተቀመጠበት ቦታ ይሰረጉዳል፣ ቀበቶ የታሰረበት ቆዳ ከግራና ከቀኝ ያብጣል። ጆንስ ወንበር ላይ ከዚህ ሁሉ አንዱም የለም። ፋይበርግላሱ ለስላሳ ነው፣ ፊቷም እንደ መደብር አሻንጉሊት ፊት ባዶ ነው። ሸክሙ ምንም አላስከፈላትም፣ ምክንያቱም ውስጧ ማንም የለም። ሥልጣኑ ሙሉ በሙሉ ከውጭ፣ ከሚቀመጠው ሰው ጋር ነው። የፊልም ንድፈ ሐሳብ ጸሐፊዋ ላውራ መልቪ በ1973 ስፔር ሪብ በተባለው የሴቶች መጽሔት ላይ የጻፈችውም ወደዚህ ያዘነብላል፤ ሐውልቶቹ ስለ ሴት የሚናገሩት ነገር የለም፣ የሚናገሩት ስለ ወንዱ ፍርሃት ነው አለች። ጆንስ ራሱ ሥራው ሴትን ለማዋረድ እንዳልታሰበና የሐውልትን ወግ ለመፈታተን እንደሆነ ደጋግሞ ተከራክሯል። አሳቡን አላጣጥልም፤ ግን አሳብ በሥራው ላይ ካልታየ ተመልካች ከየት ያምጣው? በ1986 የሴቶች ቀን፣ ማርች 8፣ ለንደን በሚገኘው የቴት ሙዚየም ወንበሯ ላይ የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ተደፋባት። ሥራ ማበላሸትን አልደግፍም፤ ቁጣው ግን ይገባኛል። በ2012 የአንድ ሰብሳቢ ሦስቱ ሐውልቶች ለንደን ውስጥ በጨረታ 2.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ አወጡ።

ወደ ግሮስማን ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። በ1940 ተወልዳ ልብስ በሚሰፋ ቤተሰብ ውስጥ ያደገች ናት፤ ስፌት ከልጅነቷ በእጇ ነው። ራሶቹን መሥራት የጀመረችው በ1968 ነው። እንጨት ትጠርባለች፣ ከዚያ ከአሮጌ ጃኬት፣ ከቦት ጫማና ከፈረስ ዕቃ የተገኘ ቆዳ ታለብሰዋለች። ብዙዎቹ ላይ ዓይኑ ተዘግቷል፣ አፉ በዚፕ ተለጉሟል፤ አፍንጫው ግን ክፍት ነው፣ ይተነፍሳል። ያ ክፍት አፍንጫ ለእኔ የሥራው ልብ ነው። ያሰረችው እጅ መግደል አልፈለገችም ማለት ነው። ስፌቱ ተወጥሮ ሲያዩት ከውስጥ የሚገፋ ነገር እንዳለ ይሰማዎታል፤ ጆንስ ጋር የጠፋው ክብደት እዚህ አለ።

ፊቶቹ የወንድ ፊት ይመስላሉ፤ ተመልካችም ወንድ አድርጎ አነበባቸው። ግሮስማን ግን የራሴ ምስሎች ናቸው አለች። አንዲት ሴት የራሷን ቁጣና ዝምታ ለማሳየት የወንድ የሚመስል ፊት መረጠች፤ አሳሪዋም ታሳሪዋም እሷው ናት። ስለ ጾታ ማንነት ዛሬ በስፋት የሚወራው ገና ባልተወራበት ዘመን፣ ጾታ ሰው ከውጭ ከሚያይብን ፊት ጋር የግድ አንድ እንዳልሆነ በመሮና በመርፌ አሳይታለች።

እዚህ ላይ በእጅ ሥራው ጥቂት ልቆይ፤ ቆዳ የሚያውቅ አገር ሰዎች ስለሆንን ይገባናል። በእንጨት ቅርጽ ላይ ቆዳ መወጠር የሚሞክር ሰው መጀመሪያ የቆዳውን አለፋፍ ይለይ። በእንጨት ልጣጭ የለፋ ቆዳ ውኃ ሲጠጣ ይለዝባል፣ ሲደርቅ የተወጠረበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ለጃኬት የሚውለው በክሮም የለፋ ቆዳ ግን ሲደርቅ ወደ ቀድሞው ስለሚመለስ በስፌትና በሙጫ ካልተያዘ ከጉንጭና ከዓይን ጉድጓድ ይነሳል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው በልጣጭ የለፋ ቆዳ ለብ ባለ ውኃ ይነከራል፤ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም ጠጥቷል ማለት ነው። ከአፍንጫ ተጀምሮ ወደ ጆሮ፣ ከዚያ ወደ ማጅራት ይወጠራል፤ ትርፉ የሚሰበሰበው ማጅራት ላይ ነው። በእሳት ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማቻኮል አይገባም፤ ቆዳው ይጠነክርና ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሚስማር ላይ ነው። ተራ የብረት ሚስማር እርጥብ ቆዳ ላይ ከተመታ ልጣጩ ውስጥ ያለው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ከብረቱ ጋር ተዋህዶ የማይለቅ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ናስ ወይም የማይዝግ ብረት ይጠቀሙ።

ሥልጣንን በሥዕል ውስጥ የሚያቆመው ሌላው ነገር የዓይን ከፍታ ነው፤ ይህን ያወቀ ሰው ማንኛውንም ፌቲሽ ሥዕል በአንድ ደቂቃ ይፈትሻል። የሥዕሉን አድማስ መስመር፣ ማለትም የተመልካቹ ዓይን ያለበትን ከፍታ፣ ይፈልጉ። መስመሩ በተንበረከከው ሰው ዓይን ላይ ካለፈ ተመልካቹም አብሮ ተንበርክኳል፤ የቆመው ሰው ከሁለቱም በላይ ይገዝፋል። በቆመው ሰው ዓይን ላይ ካለፈ ተመልካቹ ቁልቁል እያየ የገዢው ተባባሪ ሆኗል። ከሁለቱም በላይ ከሆነ ተመልካቹ ዳኛ ነው። ፎቶግራፍ ላይ ካሜራውን 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ብቻ ይህን ይለውጠዋል። ሠዓሊው አስቦ ሳይመርጥ ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው በቆመ ወንድ ዓይን ከፍታ ይቀመጥና ሥዕሉ ሳይታወቀው አንድ ወገን ይይዛል።

ይህን አጥብቃ ያወቀች ፎቶግራፍ አንሺ ካትሪን ኦፒ ናት። በ1991 የሠራችው "መሆንና መያዝ" የሚል ርዕስ ያለው ሥራ 13 ፎቶዎች አሉት። እሷ ራሷና ካሊፎርኒያ ያሉ የሌዝቢያን ጓደኞቿ በብሩህ ቢጫ መደብ ፊት ለፊት፣ ሰው ሠራሽ ጢም ለጥፈው ካሜራውን አፍጥጠው ያያሉ። ፎቶው ግንባርና አገጭ እስኪቆርጥ ድረስ ቀርቧል። እያንዳንዱ ክፈፍ ላይ የቅጽል ስም የተቀረጸበት ትንሽ ሰሌዳ አለ፤ የኦፒ ቅጽል ስም "ቦ" ነው። ከሩቅ ወንዶች ናቸው፤ ቀርበው ሲያዩ የሙጫው ጠርዝ፣ ጢሙ የተሰፋበት ወንፊት መሰል ጨርቅ ይታያል። ይህን ለመደበቅ ቀላል ነበር፤ የቲያትር ቤት ሜካፕ ሠራተኛ ጢሙን በቀጭን ወንፊት ሠርቶ ጠርዙን በሙጫ ያጠፋዋል። ኦፒ እንዲታይ ተወችው። ተመልካች መጀመሪያ "ወንድ" ይላል፣ ከዚያ "አይ፣ ሴት" ይላል፣ ከዚያ ለምን መወሰን እንዳስፈለገው ራሱን ይጠይቃል። እነዚያ 13 ሰዎች ግን ዓይናቸውን ከእሱ አላነሱም። የሚመረመረው ተመልካቹ ሆነ።

በ1994 የተነሳችው የራሷ ፎቶ ከዚህ ይከብዳል። ቁመቱ 101.6፣ ወርዱ 75.9 ሴንቲ ሜትር የሆነ የቀለም ኅትመት ነው። ኦፒ ከወገብ በላይ ራቁቷን ተቀምጣለች። ራሷ በሙሉ በጥቁር የቆዳ ጭምብል ተሸፍኗል። ሁለቱ ክንዶቿ ላይ ከትከሻ እስከ አንጓ ድረስ በመስመር የተሰኩ መርፌዎች አሉ፤ በድምሩ 46። ደረቷ ላይ "ጠማማ" የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ ስድብ በጌጠኛ ፊደል በቆዳዋ ላይ ተቆርጧል፣ ቁስሉ ትኩስ ነው። ከኋላዋ ጥቁርና ወርቃማ የቤተ መንግሥት መሳይ መጋረጃ ተዘርግቷል፤ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ የተቀመጠችው እንደ 16ኛው ክፍለ ዘመን መሳፍንት ነው። በዚያ ዘመን ለነበረው ጀርመናዊ ሠዓሊ ለሆልባይን ሥዕሎች ያላት ፍቅር እዚህ ይታያል።

በጆንስ ሚዛን ከሄድን ይህች ሴት ከወንበሯም የባሰች ተሸናፊ መሆን ነበረባት፤ ፊት የላት፣ ዓይን የላት፣ ሥጋዋ ተወግቷል። ሥዕሉን ያየ ሰው ግን አይዝንላትም። ስድቡን ሌላ ሰው ሳይለጥፍባት በፊት ራሷ አስቀረጸችው፣ ፊደሉንም አሳመረችው። ያን ጊዜ ኤድስ ጓደኞቿን እየጨረሰ፣ ወግ አጥባቂ ፖለቲከኞች የመንግሥት የጥበብ ድጋፍ እንዲቆረጥ እየወተወቱ ነበር፤ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት የሚሟገቱ አንዳንዶች ደግሞ "እኛ እንደ ሰው ነን፣ ቆዳ ለባሾቹ ያሰድቡናል" ማለት ጀምረው ነበር። ሥዕሉ ለሁለቱም ወገን የተሰጠ መልስ ነው። በ2004 ኦፒ ልጇን ስታጠባ የተነሳችው ሌላ ፎቶ ላይ ያው ጽሑፍ ጠባሳ ሆኖ ደረቷ ላይ በስሱ ይታያል። ያሰረው ማን እንደሆነ ባናውቅ ሁለቱም ሥዕሎች ሌላ ነገር ይሆኑ ነበር።

የወንዶቹ ነገር በሌላ መንገድ የተወሳሰበ ነው። ቶም ኦፍ ፊንላንድ በሚል ስም የታወቀው ቱኮ ላክሶነን በ1920 ፊንላንድ ተወለደ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፀረ አውሮፕላን መኮንን ነበር፣ በኋላ በማስታወቂያ ድርጅት ሲሠራ ማታ ማታ የወንዶችን ሥዕል ይሥል ነበር። አገሩ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት እስከ 1971 ድረስ ወንጀል ነበር። በ1957 ፊዚክ ፒክቶሪያል የተባለ የአሜሪካ መጽሔት ግንድ በወንዝ የሚያንሳፍፉ ሠራተኞችን የሳለበትን ሥዕል ሽፋን አደረገው። እስከዚያ ድረስ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንድ በሥዕልም በቀልድም የሚቀርበው ሰልካካና አሳዛኝ ሆኖ ነበር። ላክሶነን ትከሻ ሰፊ፣ ሳቂታ፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ወንዶችን ሣለ። እነሱን የሚያሳድደውን የፖሊስ ልብስ ወስዶ ለራሳቸው አለበሳቸው።

ሥዕሎቹን በተርታ ያየ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ፤ የበታች የሆነው ሰው ይስቃል፣ ቀጥሎ ባለው ገጽ ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሥልጣኑ እንደ ቆብ ከራስ ወደ ራስ ይዞራል። ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ነገር ግን ዋጋ አለው። ወንድነትን ለተነጠቁት ሲመልስ ሴት መሰል የሆኑትን ወንዶች ከሥዕሉ አስወጣቸው፤ የክብር በር የተከፈተው ለሰፊ ትከሻ ብቻ ሆነ። የጀርመን ጦር ልብስ የሣለባቸውም አሉ። የናዚን አስተሳሰብ እንደሚጠላና የማረከው ልብሱ ብቻ እንደነበር ተናግሯል። እኔ ይህን አልቀበልም። የፖሊስ ልብስ ሲገለበጥ ተሳዳጁ ሰው አሳዳጁን ቀልዶበታል፤ የዚያ ጦር ልብስ ሲያምር ግን የተገደሉት በሥዕሉ ውስጥ ስለሌሉ የሚገለብጠው ሰው የለም። በ2014 የፊንላንድ ፖስታ ሥዕሎቹን ቴምብር አድርጎ አውጥቷቸዋል።

በእርሳስ የቆዳ ብልጭታ እንዴት እንደሚወጣ ማወቅ የሚፈልግ ከእሱ ይማር። የቆዳ ብልጭታ የሚመጣው ግራጫን በማሳመር አይደለም። እጅግ ጥቁሩ ካልተነካ ወረቀት ነጭ ጋር ያለ ድልድይ ሲገናኝ ነው የሚያበራው። ነጩን ቀድመው በቀጭን መስመር ከልለው ይተዉት፣ ከ2ቢ እርሳስ ጀምረው ይበልጥ ለስላሳና ጥቁር በሆነው በ6ቢ ይጨርሱ፣ ማለስለሻውን በወረቀት ጥቅል ያድርጉ። በጣት ማሸት ክፉ ልማድ ነው፤ የጣት ወዝ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ ይለጥፈውና በኋላ ላጲስ የማያነሳው ቅባታም ጠለል ይቀራል።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ሮበርት ሜፕልቶርፕ ላይ ስንደርስ የቆዳ ቀለም ጥያቄ ይመጣል፤ እኛን በቀጥታ የሚነካንም እሱ ነው። ሜፕልቶርፕ በ1989 ሞተ፤ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካዋ ሲንሲናቲ ከተማ የዘመናዊ ጥበብ ማዕከል ሥራዎቹን ስላሳየ ከዳይሬክተሩ ጋር ተከሰሰ። ከ175 ፎቶዎች ውስጥ ክሱ በሰባቱ ላይ ነበር፤ ኦክቶበር 5 ቀን 1990 ዳኞቹ ነፃ ለቀቋቸው። ስለ ነፃነት ይህ ትልቅ ቀን ነው። ከፍርድ ቤቱ ውጭ ያለው ጥያቄ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። በ1980 ያነሳው አንድ ፎቶ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጥቁር ሰው ያሳያል፤ ሱሪው ተከፍቷል፣ ራሱ ከክፈፉ ውጭ ነው። ስንቱ ጸሐፊ ነጩ ፎቶ አንሺ ጥቁሩን ሰው ወደ ብልት አሳነሰው ብሎ ጽፏል። በኋላ እንደታወቀው ፊቱና ራቁትነቱ በአንድ ፎቶ እንዳይገናኙ የጠየቀው ሰውዬው ራሱ ነው። ሰውዬው ራሱን ለመጠበቅ ያስቀመጠው ገደብ ሥዕሉን የባሰ ጨካኝ አደረገው። ፈቃድ መኖሩ ብቻውን የሥልጣንን ጥያቄ እንደማይዘጋ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ጥቁር አሜሪካዊው ሠዓሊ ግሌን ላይገን ከ1991 እስከ 1993 የሰጠው መልስ ብልህ ነው። ጥቁር ወንዶች ብቻ የሚታዩበትን የሜፕልቶርፕ መጽሐፍ ገንጥሎ 91 ገጾቹን በየክፈፉ ሰቀለ፤ በመካከላቸው 78 ጽሑፎች አስገባ። ምሁር፣ ሰባኪ፣ ፖለቲከኛ፣ የመጠጥ ቤት ደንበኛ የተናገሩት አንድ ላይ ተደረደረ። ሥዕሎቹን አልደበቀም፣ አልሰደበምም፤ ብቻቸውን እንዳይታዩ አደረገ።

የእኛ አያቶች በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለ ፈቃዳቸው አሉበት። ጣሊያን ኤርትራን በያዘችባቸው ዓመታት፣ በኋላም በ1935 እና 36 ወረራ ጊዜ፣ ደረታቸው የተገለጠ የአካባቢው ሴቶች ፎቶ በፖስታ ካርድ ታትሞ ለወታደር ይሸጥ ነበር። ከሥሩ የሚጻፈው የጎሳ ስም ወይም "አቢሲኒያዊት ውበት" የሚል ዓይነት ነገር ነው፤ የሴትየዋ ስም የለም። ያ ካርድ ራሱን ፌቲሽ ጥበብ ብሎ አይጠራም፤ የሚሠራው ግን ያንኑ ነው፤ ጥቁር ገላን ቁስ አድርጎ ለባለ ሥልጣኑ ዓይን ያቀርባል። አሥመራ ወይም ሮም በአሮጌ ዕቃ ገበያ እንዲህ ያለ ካርድ የሚያገኝ፣ በኢንተርኔት ደግሞ "የድሮ ውበታችን" ብሎ የሚለጥፍ ወገን፣ ከመለጠፉ በፊት ያቺ ሴት ካሜራው ፊት እምቢ ማለት ትችል ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅልኝ።

እንግዲህ ዛሬ ይህን ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወጣት የሐበሻ ሠዓሊዎችና ፎቶ አንሺዎች አሉ፤ ለእነሱ ሥራው በተግባር እንዴት እንደሚሄድ ልጻፍ።

ንግግሩ ከቀረጻው ቀን በፊት፣ በሌላ ቀን፣ ልብስ ለብሶ ይደረግ። በጽሑፍ የሚሰፍረው፦ የትኛው የሰውነት ክፍል ይታያል፣ ፊት ይኖራል ወይስ አይኖርም፣ የት ይሰቀላል፣ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል ወይ፣ በምን ስም፣ ክፍያው ስንት ነው፣ ፈቃዱን መልሶ ለመውሰድ እስከ መቼ ይቻላል። "ለማንኛውም ዓላማ" የሚል የተለመደ ውል አይጠቀሙ። የሜፕልቶርፕ ሞዴል ያስቀመጠው ገደብ ፎቶውን እንደለወጠው ሁሉ፣ ወሰኑ ሥዕሉን ምን ዓይነት ትርጉም እንደሚሰጠውም አብራችሁ ተነጋገሩ። አሜሪካ ውስጥ ግልጽ ወሲባዊ ድርጊት የሚያሳይ ሥራ የሚሠራ ሰው የተሳታፊዎቹን ዕድሜ የሚያረጋግጥ መታወቂያ መዝግቦ እንዲይዝ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል።

በቀረጻው ቀን ማሰሪያ ካለ በማሰሪያውና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። በየጥቂት ደቂቃው ጣቶችን ይዩ፤ መቀዝቀዝ፣ መጥቆር ወይም መደንዘዝ ካለ ፎቶው ይቅርና ይፈታ። ክንድ ላይ ከትከሻ በታች በውጭ በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እሱ ከተጫነ እጅ ከአንጓው ይንጠለጠልና ለሳምንታት አይነሳም። ጫፉ የደነዘዘ መቀስ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። አፍ የተሸፈነ ሰው "በቃ" ማለት ስለማይችል የቁልፍ ዘለላ በእጁ ይያዝ፤ ከጣለው ሁሉም ይቆማል። የታሰረን ሰው ለአንዲት ደቂቃም ብቻውን ጥሎ መውጣት አይገባም።

ብርሃኑን በተመለከተ የካሜራው መለኪያ ጥቁር የቆዳ ልብስን ግራጫ ሊያደርገው ይጥራል። ልብሱ ላይ ከለካችሁ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ስቶፕ (የብርሃን መጠን ደረጃ) ቀንሱ። ጥቁር የቆዳ ልብስ የሚታየው ብርሃን ስለበዛበት ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ብሩህ ነገር ስለሚያንጸባርቅ ነው፤ ትልቅ ለስላሳ መብራት ከጎን አድርጉ፣ ነጩ መስመር ራሱ ይመጣል። የሰውዬው ገላም ጠቆር ያለ ከሆነ ፊቱን ለብቻው ለኩት፣ አለዚያ ልብሱ አምሮ ሰውየው ይጠፋል፤ በዚህ ዘርፍ አሳፋሪ ሆኖ የሚደጋገም ጥፋት ነው። ከ2 ሜትር ያህል ርቀት በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ማንሳት አካሉን አያዛባም፤ በ35 ሚሊ ሜትር በጣም ከቀረባችሁ ቅርቡ ያለው ጉልበት ወይም ጫማ ይገዝፍና ሳታስቡት ሥልጣን ለጫማው ትሰጣላችሁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያላችሁ ወይም ወደዚያ የምትመላለሱ ሕጉን እወቁ። በእኛ አቆጣጠር 1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን፣ አንቀጽ 640 ደግሞ ጸያፍ የሚባሉ ሥዕሎችንና ኅትመቶችን ማዘጋጀትና ማሰራጨትን ወንጀል ያደርጋል። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም እንዲሁ ጥብቅ ናቸው። ስለዚህ የሞዴሉ ፎቶ በስልክ ላይ ሆኖ ድንበር አይሻገር፤ ከፋይሉ ላይ ቦታና ሰዓት የሚናገረው መረጃ ይነሳ፣ ስምና ፊት በተለያየ ቦታ ይቀመጡ። አደጋው ከሠዓሊው ይልቅ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ላይ ነው።

መግለጫ ስትጽፉ ደግሞ አማርኛ ግሡ ውስጥ ሳይቀር ጾታ ስለሚያስገባ "ተቀመጠ" ወይስ "ተቀመጠች" የሚለውን ሞዴሉን ሳትጠይቁ አትወስኑ። ሁለቱንም ለማይፈልግ ሰው "ተቀመጡ" የሚለው የአክብሮት ቃል ጥሩ ሆኖ ያገለግላል፤ ለሰሚ ጆሮም እንግዳ አይደለም። ዓመታት አልፈው ሞዴሉ ስሙንና ጾታውን ቢቀይር ምን እንደሚደረግ ውሉ ውስጥ ከመጀመሪያው አንድ መስመር ይግባ፦ አዲስ በሚታተመው መግለጫ አዲሱ ስም ይጻፋል፣ የቀድሞው ስም ከድረ ገጽ ይነሳል፣ ሥራውን የገዛው ሙዚየም ወይም ሰብሳቢም በደብዳቤ ይነገረዋል።